ፍትሐዊ የኦንላይን ጨዋታ ውድድር እንዴት ይዘጋጃል? ከተጋጣሚ ምደባ እስከ ጨዋታ አቋርጦ የሚወጣ ሰው ቅጣት

ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ሃያ የሚሆኑ ልጆች ተሰባስበው የኦንላይን ኳስ ውድድር ቢጀምሩ ጠብ የሚነሣው ከሁለት ቦታ ነው፦ ጀማሪው ከነባሩ ጋር ሲመደብ፣ እየተሸነፈ ያለውም "መብራት ጠፋብኝ" ብሎ ሲወጣ። ሁለቱንም በአንድ ደብተርና በስልክ ካልኩሌተር መልክ ማስያዝ ይቻላል።

1. መነሻ ነጥብ

ሁሉም በ1000 ይጀምር። "እሱ ጎበዝ ነው፣ ከፍ ብሎ ይነሣ" ማለት አያስፈልግም፤ ስሌቱ ራሱ ቦታ ቦታቸውን ያስይዛቸዋል። ስሌቱ አርፓድ ኢሎ ለቼዝ የቀመረው፣ ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽንም በ1970 እ.ኤ.አ. የተቀበለው ነው። የሁለት ተጫዋቾች የነጥብ ልዩነት የማሸነፍ ተስፋቸውን ይናገራል። ልዩነት ከሌለ የሁለቱም ተስፋ 0.50 ነው። ልዩነቱ 100 ሲሆን የበላዩ ተስፋ 0.64፣ 200 ሲሆን 0.76፣ 300 ሲሆን 0.85፣ 400 ሲሆን 0.91 ይሆናል። የበታቹ ተስፋ ከ1 የቀረው ነው። ይህን በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት።

2. ከጨዋታ በኋላ ማስላት

ያሸነፈ 1፣ አቻ የወጣ 0.5፣ የተሸነፈ 0 ያገኛል። ከውጤቱ ላይ ተስፋውን ቀንሱና በ20 አባዙ። 1200 ያለው የማርቆስ ልጅ 1000 ያለውን የፍኖተ ሰላም ልጅ ቢያሸንፍ 20 × (1 − 0.76) = 4.8፣ ማለትም 5 ነጥብ ብቻ ይጨመርለታል። ቢሸነፍ 15 ያጣል፤ አቻ ቢወጣ እንኳ 5 ይቀነስበታል። አዲስ ገቢ ግን የመጀመሪያ 10 ጨዋታዎቹ በ40 ይባዙለት። ያለዚያ ጎበዝ የሆነ አዲስ ሰው ወደ ቦታው እስኪወጣ ብዙ ጀማሪ ይረግጣል።

3. ማን ከማን

በመጀመሪያ የነጥብ ልዩነታቸው ከ100 ያልበለጠውን አገናኙ። በ3 ደቂቃ ውስጥ ካልተገኘ ወደ 200 አስፉ፤ ከ300 በላይ ግን በፍጹም አትሂዱ። ሃያ ሰው ቀኑን ሙሉ ተበታትኖ ከገባ እኩያ አይገኝም፤ ስለዚህ ሰዓት ቁረጡ፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት። ሁለት ሰዎች በአንድ ምሽት ከሁለት ጊዜ በላይ አይጋጠሙ፤ ጓደኛሞች ነጥብ የሚሰጣጡት በዚህ በኩል ነው።

በቡድን ስትጫወቱ አማካዩ እንዳያታልላችሁ። 1400 እና 800 ያላቸው ጥንድ አማካያቸው 1100 ነው፤ 1100 እና 1100 ያላቸውም እንዲሁ። ጨዋታው ግን አንድ አይደለም።

4. መስመሩን ማመዛዘን

ከጨዋታ በፊት ሁለቱም ፒንጋቸውን፣ ማለትም መልእክታቸው ጨዋታውን ወደሚያስተናግደው ኮምፒውተር (ሰርቨር) ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ፣ ይለኩ። በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ስለዚህ 3,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ሰርቨር ለደርሶ መልሱ ብቻ ቢያንስ 30 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ለአንዱ በጣም ፈጣን የሆነውን ሰርቨር ሳይሆን የሁለቱ ፒንግ የሚቀራረብበትን ምረጡ። ጨዋታው ከአንዱ ስልክ ወይም ማሽን ላይ የሚስተናገድ ከሆነ አስተናጋጁ ብልጫ አለውና ደርሶ መልስ አጫውቷቸው።

5. ጥሎ የወጣ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ውድድር የሚፈርሰው። ዋናው ደንብ አንድ ነው፦ መውጣት ከመሸነፍ የረከሰ እንዳይሆን። 3 ለ 0 እየተመራ ያለ ሰው ሲወጣ ነጥብ ካልተቀነሰበት ሁሉም መውጣት ይለምዳል። ስለዚህ ለወጣው ሙሉ ሽንፈት፣ ለቀረው ሙሉ ድል ይመዝገብ።

ነገር ግን ለመመለሻ 5 ደቂቃ ስጡ፤ ዶታ 2 የተባለው የኦንላይን የቡድን ጨዋታም ከ5 ደቂቃ በላይ የተቋረጠውን ነው ጥሎ እንደሄደ የሚቆጥረው። ራውተሩ እስኪነሣ ወይም ሰውየው ወደ ስልክ ሆትስፖት እስኪዞር ይህ ይበቃል።

ተጨማሪ ቅጣቱ በአንድ ቀን ክስተት አይወሰን፤ ያለፉትን 20 ጨዋታዎች ቁጠሩ። አንድ ጊዜ የወጣ ከሽንፈቱ ሌላ ቅጣት የለውም። ሁለተኛ ከደገመ አንድ ዙር ያርፋል፤ ሦስተኛ ከሆነ ቀጣዩን ቅዳሜ አይጫወትም። ሳያቋርጥ 10 ጨዋታ የጨረሰ አንድ የቅጣት ደረጃ ይቀነስለት።

መብራት በእርግጥ ጠፍቶ ከሆነስ? በክረምት ነጎድጓድ ወቅት ይህ ተደጋግሞ ያጋጥማል፤ ያልበደለን መቅጣት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ከአንድ ከተማ ሌሎች ሁለት ተጫዋቾች በዚያው ሰዓት ከጠፉ ወይም መጥፋቱን ካረጋገጡ ጨዋታው ተሰርዞ ከ0 ለ0 ይደገም። ማስረጃ ወዲያው አትጠይቁ፤ መብራት የሌለው ሰው ኔትወርክም ላይኖረው ይችላል። እስከ ማግስቱ ቀን 6 ሰዓት ጠብቁት።

በቡድን ጨዋታ ለቀሩት ጓዶች የሽንፈቱን ግማሽ ብቻ ቀንሱ፤ ያልወጡበትን ዕዳ መሸከም የለባቸውም። ተጠራርተው አብረው ለገቡ ግን ይህ ቅናሽ አይሰጥ። ሽንፈት ሲያዩ አንዱን መሥዋዕት አድርገው ያስወጡታልና።

6. ከመግባት በፊት

ስልኩ ሙሉ ቻርጅ ይሁን፣ ራሱን የሚያድስ አፕ ይዘጋ፣ ሆትስፖት የሚሰጥ ሁለተኛ ስልክ ዳታ ተሞልቶለት አጠገብ ይቀመጥ። ለራውተር ትንሽ ባትሪ የምትገዙ ከሆነ የራውተሩን አዳፕተር ጽሑፍ አንብቡ፤ 9 ቮልት ለሚፈልግ 12 ቮልት ብትሰኩ ልታቃጥሉት ትችላላችሁ።