የስትሮክን ዓይነት ከአንጎል ሲቲ ስካን እንዴት መለየት ይቻላል?

ስትሮክ የምንለው ሁለት ነገር ነው፤ ወይ የአንጎል ደም ሥር ይዘጋል፣ ወይ ይፈነዳል። በሁለቱም አፍ ይጣመማል፣ አንደበት ይተሳሰራል፣ አንድ ጎን ይዝላል፤ በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም። ሕክምናቸው ግን ተቃራኒ ነው። ለተዘጋው የሚሰጠው የረጋ ደም ማሟሚያ፣ ደም እየፈሰሰው ላለ ሰው ገዳይ ሊሆን ይችላል። ይህን የጻፍኩት ድንገተኛ ክፍል ለሚሠሩ ጀማሪ ሐኪሞችና ጤና መኮንኖች፣ እንዲሁም ፊልሙን በፖስታ ይዘው ምን እንደተባለ መረዳት ለሚፈልጉ ቤተሰቦች ነው። ቤተሰብ ይህን ይዞ ሐኪሙን ይጠይቅበት እንጂ መድኃኒት አይጀምርበት።

ከማሽኑ በፊት

የደም ስኳር ይለካ። በጣም የወረደ ስኳር ስትሮክን መስሎ ይመጣል።

ቀጥሎ ሰዓቱ ይጣራ፤ በሽተኛው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየው መቼ ነው? ማታ 4 ሰዓት ተኝቶ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት የተነሳ ሰው የሚቆጠርለት ከማታው 4 ጀምሮ ነው፤ ስለዚህ 8 ሰዓት ሆኖታል። ቤተሰብ የሚናገረው በኢትዮጵያ ሰዓት መሆኑን፣ ፊልሙ ላይ የሚታተመው ደግሞ በፈረንጅ ሰዓት መሆኑን አትርሱ። ፊልሙ 08:15 ካለ ከጠዋቱ 2:15 ነው። ማሟሚያው የሚሰጠው ሕመሙ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ስለሆነ የ6 ሰዓት መምታታት ሕክምናውን ያስቀራል። ካርዱ ላይ በየትኛው አቆጣጠር እንደጻፋችሁ ግለጹ።

የሚነሳው

ያለ ኮንትራስት (በደም ሥር የሚሰጥ ማድመቂያ)፣ ተራው የአንጎል ሲቲ። ኮንትራስት ደም ሥሮችን ስለሚያነጣ ከፈሰሰ ደም ጋር ያምታታል። የደም ሥር ምርመራ ካስፈለገ ከዚህ በኋላ ይከተላል። ምስሉ ላይ የበሽተኛው ቀኝ በእናንተ ግራ ነው።

መጀመሪያ ነጩን ፈልጉ

የሲቲ መለኪያ ሃውንስፊልድ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው መሣሪያውን ከፈለሰፈው እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው። ውሃ 0፣ አንጎል ከ25 እስከ 40፣ ትኩስ ደም ከ50 እስከ 80 አካባቢ፣ ካልሲየም አብዛኛውን ጊዜ ከ100 በላይ ነው። ስለዚህ የፈሰሰ ደም ከአንጎሉ ነጥቶ ይታያል።

ነጩን ካገኛችሁ ቦታውን እዩ። በአንጎል ጥልቅ ክፍል፣ ማለትም በፑታሜን፣ በታላመስ፣ በፖንስ ወይም በሴሬቤለም ከሆነ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ለረጅም ጊዜ ያልታከመ የደም ግፊት ነው። በአረጋዊ ሰው ወደ አንጎል ዳር ያለ ደም ደግሞ አሚሎይድ በሚባል የፕሮቲን ክምችት የተጎዳ ደም ሥር ሊሆን ይችላል። ከአንጎል ሥር ያሉት ክፍተቶችና ስንጥቆች ነጭ ከሆኑና በሽተኛው እንደ መብረቅ ድንገት የወረደ ራስ ምታት ካለው፣ ያበጠ ደም ሥር ፈንድቶ ይሆናል። ይህ ዓይነቱ ደም በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ሲቲ ላይ የሚያመልጠው ከስንት አንዴ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን እየሳሳ ስለሚሄድ፣ ሲቲው ባያሳይም ጥርጣሬው ካለ ከጀርባ ፈሳሽ ይቀዳል።

የደሙን መጠን ለመገመት ረጅሙን ርዝመት፣ ስፋቱንና ከፍታውን በሴንቲ ሜትር አባዝታችሁ ለ2 አካፍሉ፤ በሚሊ ሊትር ይወጣላችኋል። በግራና በቀኝ እኩል የሆነ ነጭ ነገር ብዙ ጊዜ ካልሲየም ነው። ደም ማነስ የጠናበት ሰው የፈሰሰው ደም ላይነጣ እንደሚችልም አስቡ።

ነጭ ከሌለ፦ አስቸጋሪው ክፍል

«ሲቲው ነፃ ነው» የሚለው አነጋገር ብዙ ሰው ጎድቷል። ነፃ ነው ተብለው ክንዱ የማይነሳ አባታቸውን ወደ ቤት የመለሱ ልጆች አግኝቻለሁ። በመዘጋት የመጣ ስትሮክ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲቲ ላይ ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ነጭ የለም ማለት አብዛኛውን ጊዜ ደም አልፈሰሰም ማለት ነው እንጂ ስትሮክ የለም ማለት አይደለም። እንዲያውም ማሟሚያ ሊጠቅመው የሚችለው ይህ ሰው ነው።

ምልክቱ ካለ ደግሞ ረቂቅ ነው። በግራጫውና በነጩ የአንጎል ክፍል መካከል ያለው ልዩነት 10 ሃውንስፊልድ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ በተለመደው የምስል ማስተካከያ ዓይን ያልፈዋል። የማስተካከያውን (ዊንዶው) ስፋት ወደ 40 አጥብቡ፣ መካከሉንም 40 ላይ አድርጉ። ከዚያ ግራና ቀኙን እያስተያያችሁ አራት ነገር ፈልጉ፦ የኢንሱላ (በአንጎል ጎን ስንጥቅ ውስጥ የተደበቀው እጥፋት) ጠርዝ ደብዝዟል ወይ? ሌንቲፎርም የሚባለው ጥልቅ እምብርት ድንበሩ ጠፍቷል ወይ? በአንድ ወገን ያሉ የአንጎል እጥፋቶች ተጣብቀዋል ወይ? መካከለኛው የአንጎል ደም ቅዳ በአንድ ጎን ብቻ ነጥቷል ወይ? የመጨረሻው የረጋው ደም ራሱ ነው። ስትነሳ ጭንቅላቷ ያዘነበለ በሽተኛ ግራና ቀኟ እኩል ስለማይቆረጥ፣ ልዩነት አየሁ ከማለታችሁ በፊት የዓይን ጉድጓዶቹን አመሳክሩ።

በማግስቱ የተጎዳው ቦታ ጠቁሮ፣ የአንድን ደም ቅዳ ክልል ተከትሎ እስከ አንጎል ዳር ድረስ ይታያል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት መልሶ የተሻለ መስሎ ሊደበዝዝ ይችላል። ከወራት በኋላ ደግሞ እንደ ውሃ ጥቁር ይሆናል፤ አጠገቡ ያለውም የአንጎል ክፍተት ወደ እሱ ይሳባል። እንዲህ ያለውን አሮጌ ጠባሳ የዛሬው ስትሮክ አታድርጉት።

የሚያመልጡ ሁለት ቦታዎች

የአንጎል የኋላ ሥረኛው ክፍል በወፍራም አጥንት ስለተከበበ ምስሉ በመስመሮች ይበላሻል። ድንገት የዞረበት፣ ሁለት ሁለት የሚያይ፣ መራመድ ያቃተው ሰው ሲቲው ደህና ቢሆንም ኤምአርአይ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው የደም መልስ መዘጋት ነው። በቅርብ የወለደች ሴት ራስ ምታትና የሚጥል ሕመም ይዛ ከመጣች፣ የደም መልሱ መተላለፊያ ነጥቶ እንደሆነ እዩ፤ የደም ቅዳ ክልልን የማይከተል ጉዳትም ያጠራጥራል።

ስለ ቴሌግራም ፎቶ

ከመስኮት ላይ የተነሳ የፊልም ፎቶ ለትልቅ ደም መፍሰስ ይበቃል፤ ለቀደምት የመዘጋት ምልክት ግን አይረባም፣ ማስተካከያው ስለማይቀየር። ሲዲውን ጠይቁ። ካልተገኘ የጠበበውን ምስል ከማሽኑ ስክሪን ላይ ከላይ እስከ ታች በቪዲዮ ቅረጹ።

ማሟሚያ ለተሰጠው ሰው ሲቲው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደገማል፤ አስፕሪን የሚጀመረው የተደገመው ታይቶ ደም ከሌለ ነው። የመጀመሪያውንም ፊልም አትጣሉ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይታያሉ።