መልቀቂያ ከማስገባታችሁ በፊት ቀን ቁጠሩ (ከቅጥር ወደ ግል ስራ ለምትወጡ)

ደብረ ብርሃን ላይ ከፋብሪካ ለቆ ብየዳ ቤት የከፈተ፣ ዶሮ የያዘ፣ ባጃጅ የገዛ ሰው አሁን በየሰፈሩ አለ፣ እኔም አንዱ ነኝ። ሊወጣ ያሰበ ሁሉ እየመጣ የሚጠይቀኝ የማሽን ዋጋና የሱቅ ኪራይ ነው፣ ስለ አወጣጡ ግን ማንም አይጠይቀኝም፣ እኔ ደሞ የተበላሁት እዛ ላይ ነው።

4 አመት ከ9 ወር ሰርቼ ከአለቃዬ ጋር ተጋጭቼ በንዴት ለቀኩ። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 ግን በራሱ ፍላጎት ለሚለቅ ሰው የስራ ስንብት ክፍያ የሚሰጠው እዛው አሰሪ ጋር ቢያንስ 5 አመት ካገለገለ ነው (አሰልጥነውት ይህን ያህል አገለግላለሁ ብሎ ከፈረመም ያንን መጨረስ አለበት)። ሶስት ወር ብታገስ ኖሮ! ሂሳቡ እንዲህ ነው፣ ለመጀመሪያው አመት የ30 ቀን ደሞዝ፣ ከዛ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ አመት የዛ ሲሶ ይጨመርበታል፣ ጣሪያው የ12 ወር ደሞዝ ነው። የኔ ደሞዝ 6,000 ስለነበር 6,000 እና አራት ጊዜ 2,000፣ በድምሩ 14,000 ብር ማለት ነው። የብየዳ ማሽኑን ከአጎቴ ተበድሬ ነው የገዛሁት። ስለዚህ መጀመሪያ የቅጥር ደብዳቤያችሁን አውጡና ቀኑን እዩ።

ቀኑ ከሞላ መልቀቂያውን በጽሁፍ 30 ቀን ቀድማችሁ አስገቡ፣ አንድ ኮፒ ላይ ተቀበልን ብለው ማህተም ያድርጉላችሁ፣ በቃል ነግሬያቸዋለሁ የሚባል ነገር በኋላ አያዋጣም። ስትወጡ ያልተጠቀማችሁበት የአመት ፈቃድ በገንዘብ ይታሰባል፣ የስራ ልምድ ወረቀትም መብታችሁ ነው። ክፍያው በ7 የስራ ቀን ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። ነገ ዛሬ እያሉ ካመላለሷችሁ በይሉኝታ አትቀመጡ፣ 6 ወር ካለፈ ክሱ በይርጋ ይታገዳል።

ጡረታ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከደሞዛችሁ 7 ፐርሰንት ይቆረጣል፣ አሰሪው 11 ይጨምራል፣ ግን የባንክ ደብተር አይደለም፣ ዛሬ ስለለቀኩ አውጥቼ ካፒታል ላድርገው አይባልም። በሌላ በኩል የሰራችሁት ዘመን አይጠፋም፣ ነገ ተመልሳችሁ ብትቀጠሩ፣ መንግስት ቤትም ይሁን ግል፣ የድሮው ይደመርላችኋል። በ60 አመት ለሚወጣ ሰው የዘላቂ አበል (በየወሩ የሚከፈል ጡረታ) ትንሹ አገልግሎት 10 አመት ስለሆነ 8 ወይ 9 አመት ላይ ያላችሁ ሰዎች እባካችሁ ሁለቴ አስቡ። ከመውጣታችሁ በፊት ደሞ የጡረታ ቁጥራችሁን ይዛችሁ የተቆረጠባችሁ በትክክል ገቢ መሆኑን አጣሩ፣ ፔይሮል ላይ እየተቆረጠ ገቢ ያልተደረገ ብር ስንት ሰው አስለቅሷል። የደሞዝ ወረቀት አትጣሉ።

አሁን ደሞ የሚቀርባችሁን እወቁ። ተቀጣሪ ሲታመም የመጀመሪያውን ወር ሙሉ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወር ግማሽ ደሞዝ ያገኛል፣ ሴት ስትወልድ 120 ቀን ከነደሞዟ ታርፋለች፣ ስራ ላይ ጉዳት ቢደርስ አሰሪው ይጠየቃል። የራሳችሁ ስራ ላይ ግን ግራይንደሩ ጣታችሁን ቢይዘው የምትጠይቁት ሰው የለም፣ ስራ አጥ ሆንኩ ብላችሁ የምትቀበሉት ገንዘብም አገራችን ውስጥ የለም።

ለህክምና ያለው ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ነው፣ ቀበሌ ሄዳችሁ ቤተሰቡን በሙሉ አስመዝግቡ። በየአመቱ ይታደሳል፣ የምዝገባ ወቅት ስላለው ታመን እናድሳለን እንዳትሉ። ደሞ ቀጥታ ሆስፒታል አትሂዱ፣ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ካልያዛችሁ ከኪሳችሁ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። እድር ለቀብር ነው፣ ለታመመ እጅ አይጠቅምም፣ እቁብ ደሞ ያው የራሳችሁ ብር ነው። እኔ የሶስት ወር ወጪ ለብቻው አስቀምጫለሁ፣ ክረምት ላይ ስራ ሲቀዘቅዝ ያቆመኝ እሱ ነው።

ቲን ነምበር ስትቀጠሩ ያወጣችሁት ይበቃል፣ ሌላ እንዳታወጡ።

እና ስራው ሰፍቶ ቋሚ ሰራተኛ የቀጠራችሁ ቀን አሰሪው እናንተ ናችሁ፣ 11 ፐርሰንቱ ከእናንተ ኪስ ነው። እኔ ጋ የሚሰራው የሞላሌ ልጅ ቅጥሩ ሲፈረም መጀመሪያ የጠየቀኝ ጡረታ ትከፍላለህ ወይ ብሎ ነው።