የሰፈር ታሪክ ቀን እንዴት ይዘጋጃል?

አንድ እሑድ ከሰዓት፣ አንድ የእድር ድንኳን፣ አርባ ያህል የቆዩ ፎቶዎችና ቡና። የሰፈር ታሪክ ቀን ለማዘጋጀት ከዚህ የራቀ ነገር አያስፈልግም። ብዙ አዘጋጆች ገንዘቡን በመድረክ፣ በባነርና በቲሸርት ይጨርሱና ፎቶው ላይ ያለው ሰው ማን እንደሆነ የሚያጣራ ያጣሉ፤ እንግዳው ግን የሚመጣው ለፎቶው ነው። የሚከተለው አዲስ አበባ ውስጥ ላለ አንድ ሰፈርና ለ150 ያህል እንግዳ የታሰበ ነው። ዝግጅቱ ሁለት ወር ይፈጃል።

1. ቀን ቁረጡ፣ ድንኳን ያዙ

እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ይመረጣል፤ ቤተ ክርስቲያን የዋለውም ምሳውን በልቶ ይደርሳል። ሐምሌና ነሐሴ በዝናቡ ምክንያት አይታሰቡም። ጥር የሠርግ ወር ስለሆነ ወንበርና ድምፅ ማጉያ ይወደዳል። የካቲት 12 የሰማዕታት ቀንን ወይም የካቲት 23 የዓድዋን ድል ተንተርሶ ማዘጋጀት ያምራል፤ ሁዳዴ ከገባ ምግቡን የጾም ማድረግ ነው። ረመዳን ከሆነ ግን ግማሹ ሰፈር ሌላው ቡና ሲጠጣ እያየ ሊቀመጥ ነውና ወደ ሌላ እሑድ አሸጋግሩት። ሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን አብዛኛውን ጊዜ ከፋሲካ በኋላ ስለሚውል ከጾሙ ያመልጣል።

ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ሰሃን እድሩ ዘንድ አለ። ነገር ግን ለቅሶ ይቀድማል፤ ቅዳሜ ማታ ሰው ካረፈ ድንኳኑ ወደዚያው ይሄዳል፣ ማንም ቅር ሊለው አይገባም። ስለዚህ የትምህርት ቤት አዳራሽ ወይም ሰፋ ያለ ግቢ በመጠባበቂያነት አስፈቅዱ። ለወረዳውና ለአካባቢው ፖሊስ ከሁለት ሳምንት በፊት በደብዳቤ አሳውቁ።

ሰፈሩ ፈርሶ ነዋሪው ጀሞ፣ የካ አባዶ ወይም ቱሉ ዲምቱ ቢበተንም፣ ለእድር ክፍያ ወደ ድሮው ቦታ የሚመጣ ብዙ ነው። ጥሪውን በዚያ ዕለት በቃል ተናገሩ። የቴሌግራም ማስታወቂያ ለወጣቱ ነው፤ ፎቶው ያለው እናቶች ዘንድ ነው።

2. ፎቶውን ባለቤቱ ቤት ሄዳችሁ ቅዱ

ዋናውን ፎቶ ተረክባችሁ አትውጡ። አንድ ፎቶ ከጠፋ ወሬው በሰፈሩ ይዳረስና ሁለተኛ አልበም የሚከፍትላችሁ አይኖርም። ስካነር ካላችሁ በ600 ዲፒአይ ቅዱ፤ የፖስት ካርድ መጠን ያለው ፎቶ በኤ4 ሲታተም የማይደበዝዘው እንደዚያ ከሆነ ነው። ስልክ ብቻ ከሆነ ፎቶውን መስኮት አጠገብ፣ ቀጥታ ፀሐይ በማያገኘው ጠረጴዛ ላይ አጋድሙ፤ ፍላሽ አጥፉ፤ ስልኩን ልክ በላዩ አግድም ያዙ። ስልኩ ካዘነበለ የፎቶው አንድ ጎን ይጠባል።

ከፍሬሙ መስታወት ጋር የተጣበቀ ፎቶን ለማላቀቅ አትሞክሩ፤ ፊቱ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ከነመስታወቱ፣ ጥቁር ጨርቅ ከበላይ ይዛችሁ ነጸብራቁን እየጋረዳችሁ አንሱት። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ ቀለሙ ወደ ፊት ያልፋል። በደብተር ቁጥር ስጡት፤ ከቁጥሩ አጠገብ የባለቤቱን ስም፣ ፎቶው ውስጥ ያሉትን ሰዎች ከግራ ወደ ቀኝ፣ ቦታውንና ለሕዝብ እንዲታይ ፈቅደው እንደሆነ ጻፉ። በተለይ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ልጅ ያጡ ቤቶች ውስጥ ፈቃዱ ሁለት ጊዜ ይጠየቅ፤ አንዴ ሲቀዳ፣ አንዴ ከመሰቀሉ በፊት።

3. ዓመቱን አጣሩ

ስህተት የሚበዛው እዚህ ነው። ፎቶው ጀርባ ላይ «1969» የሚል ማኅተም አለ እንበል። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ደርግ ሥልጣን ላይ ነው። በፈረንጆቹ ከሆነ ግን 1961 ወይም 1962 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሡ ገና አልወረዱም። ከአባወራው ኋላ ግድግዳው ላይ የጃንሆይ ምስል ተሰቅሎ ከታየ የፈረንጅ አቆጣጠር የመሆኑ ነገር ያመዝናል። በር ላይ «ቀበሌ» የሚል ቁጥር ካለ ደግሞ ከ1967 በፊት ሊሆን አይችልም፤ ቀበሌ የመጣው ትርፍ ቤት ከተወረሰበት አዋጅ ጋር ነው። ከፈረንጅ ወደ እኛ ስትመልሱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ ወዲህ እስከ ጳጉሜን 8 ቀንሱ።

ማኅተም ከሌለው ሰው በቁጥር አያስታውስምና «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ከታኅሣሡ ግርግር በፊት ነው በኋላ?» በሉ፤ 1953 ነው። «የአፍሪካን ዋንጫ ስንበላ ተወልደሃል?» 1954። «የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወጥተሽ ነበር?» 1967። «ኢሕአዴግ ሲገባ ይህ አጥር ነበር?» 1983። ሁለት ሰዎች ለየብቻ ተጠይቀው ከተስማሙ ጻፉት፤ ካልተስማሙ «በ1950ዎቹ» ብሎ መተው ከውሸት ትክክለኛነት ይሻላል።

የሰፈር ስምም እንዲሁ ነው። ካዛንቺስና ፖፖላሬ ከጣሊያን ዘመን ቤቶች ስም መምጣታቸው ይታወቃል፤ ለብዙ ሌሎች ስሞች ግን ሦስት ዓይነት አፈ ታሪክ ይቀርባል። ሦስቱንም «እንደሚባለው» ብላችሁ አስፍሩ። አንዱን መርጣችሁ ከሰቀላችሁ ጭቅጭቁ ድንኳኑ ውስጥ ይጀምራል (እሱም ለጨዋታ አይከፋም)።

4. አዛውንቶችን ቅረጹ

አምስት ስድስት ሰው ይበቃል፤ ለአንድ ሰው ከ45 ደቂቃ አይለፍ። ስልኩን የአውሮፕላን ሁኔታ ላይ አድርጉና ከአፋቸው ሁለት ስንዝር ርቀት ላይ አስቀምጡት። ሬዲዮው ይጥፋ፤ ቡናው አስቀድሞ ይወቀጥ። የሙቀጫ ድምፅ ስንቱን ቅጂ አበላሽቷል! መጀመሪያ ስም፣ ቀንና ቦታ በድምፅ ይነገር። «እስቲ የሰፈሩን ታሪክ ይንገሩኝ» ካላችሁ የምትሰሙት ንግግር ነው። «ከዚህ ተነስተው ወፍጮ ቤት ሲሄዱ በስተቀኝ የማን ቤት ነበር? ከሱ ቀጥሎስ?» ስትሉ ግን ጠጅ ቤቱም፣ ቦኖ ውሃውም፣ አበዳሪውም ባለሱቅ ተራ በተራ ይወጣሉ።

5. አትሙ፣ ስቀሉ

በኤ4 መጠን 40 ፎቶ በቂ ነው። በካርቶን ላይ ለጥፋችሁ፣ አራት አራቱን በአንድ ኮምፔንሳቶ ላይ አድርጋችሁ ከድንኳኑ ምሰሶ ጋር እሰሩ፤ የበጋ ከሰዓት ነፋስ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰሌዳ ይጥላል። የፎቶው መሐል ከመሬት 1 ሜትር ከ45 ይሁን። መግለጫው ከ40 ቃል አይብለጥ፤ ፊደሉ 24 ነጥብ ካላነሰ መነጽር የረሳም ያነባል። ፕሮጀክተር ላይ አትመኩ፤ መብራት ይጠፋል።

ከእያንዳንዱ ሰሌዳ ሥር እርሳስ በክር ታስሮ ይንጠልጠል፤ ከመግለጫው በታች ባዶ መስመር ተዉ። «ይህ አበበ አይደለም፣ ታናሽ ወንድሙ ነው» የሚል የሚመጣው በዚያ ነው። አንድ ሰው በየግማሽ ሰዓቱ እየዞረ የተጻፈውን በስልክ ያንሳ።

የቤት ዕቃ (ሌማት፣ ጋን፣ ሽጉርጉድ) ከመጣ ከጠረጴዛው ኋላ ሰው ይቁም። የብራና መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት ግን ከቦታቸው አይውጡ፤ ማየት የፈለገ ወደ ደብሩ ይሂድ።

6. ቡናና ቁርስ

ለ150 ሰው አቦል 2 ኪሎ ጥሬ ቡና ያዙ፤ ሲቆላ ክብደቱ ስለሚቀንስ ከአንዱ ኪሎ 80 ስኒ ገደማ ይወጣል። ቆሎ 7 ኪሎ። ከ3 ኪሎ ዱቄት የተጋገረ አንድ ድፎ ለ25 ሰው ይደርሳል፤ ስድስት ይበቃል። ከሰሉ ድንኳኑ ውስጥ አይቀጣጠል፤ ጎን መጋረጃው ከወረደ ጭሱ ሰው ይጥላል። ጀበናዎቹን በሩ አጠገብ፣ ከሸራው ራቅ አድርጉ።

7. የዕለቱ አካሄድ

8 ሰዓት ላይ ታላላቆች መርቀው ይክፈቱት። የወረዳ ኃላፊ እስኪመጣ ሕዝብ አታስጠብቁ፤ ሲደርሱ አምስት ደቂቃ ይናገራሉ። 9 ሰዓት ላይ ሰፈሩን በእግር አስጎብኙ፦ በአንድ ቡድን 20 ሰው፣ አምስት መቆሚያ፣ በእያንዳንዱ ስምንት ደቂቃ። የሚያስረዳው ቤቱ አጠገብ የኖረ ሰው ይሁን። ድምፅ ማጉያውን ከፎቶዎቹ አርቁት፤ ሰው ፎቶ ፊት ቆሞ የሚያወራው ነገር ከዘፈኑ ይበልጣል።

8. በሳምንቱ

በእርሳስ የታረመውን ሁሉ ደብተሩ ላይ አስገቡ። የድምፅና የፎቶ ፋይሉን ከነቁጥሩ በሁለት ፍላሽ ቅዱ፤ አንዱ በእድሩ ጸሐፊ እጅ፣ ሌላው በሌላ ሰው ቤት ይቀመጥ። ፎቶ ላስቀዱ ሁሉ የታተመውን ኤ4 ቤታቸው ድረስ ውሰዱላቸው፤ ያኔ «ይቺን ደግሞ ረስቻት ነበር» ብለው ሁለተኛውን አልበም ያወጣሉና ደብተሩንና ስልኩን ይዛችሁ ሂዱ።