የሞዴል ባቡር ሕንፃን በጠመኔ ዱቄት እንዴት እናስረጃለን?

ተገጣጥሞ ገና ያለቀ የፕላስቲክ መጋዘን ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር አሻንጉሊት ይመስላል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ስለሆነ ዝናብም ጭስም የነካው አይመስልም። ይህን ለማስተካከል ከጠመኔ ዱቄት የሚቀልና የሚረክስ ዘዴ የለም። ካልወደዳችሁት በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ እንደገና ትጀምራላችሁ።

እዚህ የምንሠራው በኤች ኦ ልኬት (1፡87፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ) የተዘጋጀ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው፣ ግድግዳው ጡብ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ የጭነት መጋዘን ነው። በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሰውን የጅቡቲን ባቡር በዚሁ ልኬት መሥራት የሚፈልግ ሰው፣ በዚያ መስመር ሁለት ሐዲዶች መካከል የነበረው ስፋት 1 ሜትር ስለሆነ፣ በሞዴሉ ሐዲዶች መካከል ያለውን ስፋት 12 ሚሊ ሜትር ያደርገዋል። ሕንፃውን የሚያስረጅበት መንገድ ግን ይኸው ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለሥዕል የሚሸጠውን ደረቅ ፓስቴል፣ ማለትም ጠመኔ የሚመስለውን የቀለም ዘንግ ግዙ፤ የጠመኔ ዱቄት የምንለው ከእሱ የሚፋቀውን ነው። ዘይት ወይም ሰም ያለበት ፓስቴል ዱቄት አይሆንም፤ ይለጠፍና ይቀባባል። የጥቁር ሰሌዳ ጠመኔም ቀለሙ ደካማ ስለሆነ ከነጩ በቀር አይጠቅምም። ጥቁር፣ ግራጫ፣ ነጭ፣ ጥቁር ቡናማ፣ የሸክላ ቀይና ብርቱካናማ ይበቃሉ። ከእነዚህ ሌላ ምላጭ፣ ባለ 220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ 2 ቁጥርና 6 ቁጥር ለስላሳ ክብ ብሩሽ፣ 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ብሩሽ፣ የማያብረቀርቅ (ማት) ቫርኒሽ ስፕሬይ እና የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ አዘጋጁ። ዱቄቱም ስፕሬዩም ወደ ሳንባ እንዳይገባ መሸፈኛውን አትተዉት፤ ስፕሬዩንም ደጅ ወይም መስኮት ከፍታችሁ ንፉ።

የመጀመሪያው ልባስ

ሕንፃውን በለብታ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡና በደንብ አድርቁ። ከዚያ በኋላ ከውስጥ በኩል እንጂ ግድግዳውን አትያዙ፤ የጣት ቅባት በነካው ቦታ ዱቄቱ ተጣብቆ የጣት አሻራ ያወጣል። የመስኮቱን መስታወት ገና አትግጠሙ፤ ቫርኒሹ ያደበዝዘዋል።

አሁን ማት ቫርኒሹን ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሆናችሁ በስሱ ንፉና 24 ሰዓት ተዉት። ብዙ ሰው የሚዘልለው ይህን ነው፤ ሥራው የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ለስላሳ ፕላስቲክ ዱቄቱን የሚይዝበት ነገር የለውም፤ ብሩሹ ሲያልፍበት ተንሸራትቶ ይወርዳል። ማት ቫርኒሽ ሻካራ ገጽ ስለሚሰጠው ዱቄቱ እዚያ ውስጥ ይገባል። አየሩ እርጥብ በሆነ ቀን ግን አትንፉ፤ ቫርኒሹ ነጭ ጭጋግ ይለብሳል።

ዱቄቱን ማዘጋጀት

ፓስቴሉን በብርጭቆ ወረቀቱ ላይ እሹት ወይም ምላጩን ቀጥ አድርጋችሁ ፋቁት። ከየቀለሙ ሩብ የሻይ ማንኪያ ለዚህ ሕንፃ ይተርፋል። ንጹሕ ጥቁርን ብቻውን አትጠቀሙ፤ በዚህ ልኬት ቀዳዳ ይመስላል። ሁለት እጅ ጥቁር ቡናማና አንድ እጅ ጥቁር ብትቀላቅሉ እውነተኛውን ጥላሸት ታገኛላችሁ።

ግድግዳው

ከጡቡ መጋጠሚያ ጀምሩ። በ1 የሻይ ማንኪያ ውኃ ውስጥ ሩብ ማንኪያ ቀለል ያለ ግራጫ ዱቄትና አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በጥብጣችሁ ግድግዳውን ቀቡ። ሳሙናው ውኃው ወደ መጋጠሚያው እንዲሰርግ ያደርጋል። መድረቅ ሲጀምር ለስለስ ባለ ጨርቅ የጡቡን ፊት ብቻ ጥረጉ፤ ግራጫው በመስመሩ ውስጥ ይቀራል። በውኃ ፋንታ አልኮል አትጠቀሙ። ከስሩ ያለውን ቫርኒሽ ያበላሸዋል፤ ነጭ ዳመና ይወጣበታል።

ሲደርቅ በደረቁ ዱቄት ሥሩ፤ ብሩሹ ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ይሂድ። ዝናብ ወደ ጎን አይፈስም። የመስኮቱን ደፍ ጠጋ ብላችሁ እዩ፦ በደፉ ላይ የተጠራቀመ ውኃ የሚወርደው ከሁለቱ ጫፎች ነው። ስለዚህ ጥቁሩ መስመር ከመስኮቱ መሐል ሳይሆን ከደፉ ሁለት ማዕዘኖች ተነሥቶ እየሳሳ ይወርዳል። በ2 ቁጥር ብሩሽ ጫፍ ትንሽ ጥላሸት ነክታችሁ ብሩሹን በወረቀት ላይ አራግፉ፤ አንዴ ብቻ አውርዱት። ከአሸንዳው መጋጠሚያ በታችም እንዲሁ አድርጉ። ወደ ሐዲዱ የዞረው ግድግዳ ከሌሎቹ ይልቅ ይጥቆር፤ የእንፋሎት ባቡር የሚቆመው በዚያ በኩል ነው።

ጣሪያው

ቆርቆሮ በእኩል አይዝግም። ዝገቱ የሚጀምረው ከምስማሩ ቀዳዳ፣ ከቆርቆሮዎቹ መደራረቢያና ከጭስ ማውጫው ሥር ነው። መጀመሪያ ቡናማ፣ በላዩ የሸክላ ቀይ፣ መጨረሻ ላይ በጣም ትንሽ ብርቱካናማ በየቆርቆሮው ሸለቆ ወደ ታች አውርዱ። ብርቱካናማው አዲስ ዝገት ስለሆነ ሲበዛ ሐሰተኛ መሆኑን ያጋልጣል። አንድ ሁለቱን ቆርቆሮ ሳትነኩ ተዉ፤ በቅርብ የተለወጠ ይመስላል።

መሬቱና የመጨረሻው ልባስ

ሕንፃው የሚቆምበትን መሬት ቀለም ያለው አቧራ ከግድግዳው ግርጌ እስከ 5 ሚሊ ሜትር ድረስ ንኩ። ይህ በእውነተኛው ሕንፃ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የዝናብ ጠብታ ጭቃ የሚረጨው እስከዚያ ገደማ ነው። ከላይ ጠርዙ ቀጥ ያለ መስመር እንዳይሆን በደረቅ ብሩሽ ሰባብሩት።

ቫርኒሹን እንደገና ስትነፉ ቀለሙ ይደበዝዛል፤ ነጩማ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። ፈሳሹ በብናኞቹ መካከል ገብቶ አየሩን ስለሚተካ ዱቄቱ ብርሃን መበተኑን ይቀንሳል። ስለዚህ ከምትፈልጉት ትንሽ አድምቃችሁ ሥሩ፣ አስቀድማችሁም በተረፈ ፕላስቲክ ላይ ሞክሩ። በቅርብ አትንፉ፤ የስፕሬዩ ንፋስ ዱቄቱን ጠርጎ ይወስደዋል። የጠፋውን ቀለም ቫርኒሹ ሲደርቅ ደግማችሁ ቀቡና በስሱ ንፉ። ሕንፃው ከቦታው የማይነሣ ከሆነ የመጨረሻውን ዙር ሳትነፉ ብትተዉት ይሻላል፤ ደረቅ ዱቄት ያለውን አቧራማ መልክ ቫርኒሽ ሙሉ በሙሉ አይመልሰውም። መስታወቶቹን አሁን ግጠሙ።