ፍራሽና የእንቅልፍ ምቾት፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሔው

ጠዋት ሰውነቱ ተቆራርጦ የሚነሳ ሰው በቅድሚያ የሚወቅሰው ፍራሹን ነው፤ ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው። ይሁን እንጂ ወገብ የሚያሳምም ፍራሽና ትከሻ የሚያደነዝዝ ፍራሽ ጉድለታቸው ለየቅል ስለሆነ፣ ምልክቱን ሳይለዩ አዲስ መግዛት አንዱን ችግር በሌላ መተካት ይሆናል። ሕመሙ ተነስተው ሲንቀሳቀሱ ቀስ በቀስ የሚለቅ፣ ሌላ አልጋ ላይ ሲያድሩ ደግሞ የማይሰማ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ፍራሹ ያመዝናል። ቀኑን ሙሉ የማይለቅ ወይም ወደ እግር እየወረደ የሚያደነዝዝ ሕመም ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ጠዋት ወገብ የሚይዝ ከሆነ

በጣም የተለመደው መንስኤ የፍራሹ መሃል መጎድጎዱ ነው። ዳሌ ከባድ የሰውነት ክፍል ስለሆነ ስፖንጁም ሆነ ስፕሪንጉ ቀድሞ የሚደክመው እዚያ ላይ ነው፤ ዳሌ ሲሰምጥ አከርካሪ ይጎብጣል፣ የወገብ ጡንቻዎችም ማረፍ በሚገባቸው ሰዓት ተወጥረው ያድራሉ። ይህን ለማረጋገጥ አንሶላውን ገፎ ከፍራሹ አንድ ጠርዝ እስከ ሌላው ክር መወጠርና ከክሩ እስከ ጉድጓዱ ያለውን ርቀት በማስመሪያ መለካት ይበቃል። ማንም ሳይተኛበት 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ያህል የጎደጎደ ፍራሽ ዕድሜውን ጨርሷል ማለት ይቻላል።

ከመጣሉ በፊት ግን ፍራሹን አንስቶ የአልጋውን ርብራብ ማየት ያስፈልጋል። የተሰነጠቀ ወይም የጎበጠ ጣውላ ካለ፣ አለዚያም በጣውላዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ7 ሴንቲ ሜትር ያህል ከበለጠ፣ ደህናው ፍራሽ ወደ ክፍተቱ እየሰመጠ የተጎዳ ይመስላል። ፍራሹን ለጥቂት ሌሊት ወለል ላይ አንጥፎ መተኛት ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይለያል፤ ሕመሙ ከቀነሰ መጠገን ያለበት አልጋው ነው።

ፍራሹም አልጋውም ደልዳላ ሆነው ወገብ ከታመመ፣ የሚቀረው ጥያቄ የልስላሴና የጥንካሬ ነው። ለወገብ የሚበጀው ጠንካራ ፍራሽ ነው የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመና ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸውን 313 ሰዎች የተከታተለ ጥናት፣ የተሻለ እፎይታ ያገኙት በመካከለኛ ጥንካሬ ፍራሽ ላይ የተኙት መሆናቸውን አሳይቷል። በጀርባ ተኝቶ እጅን በወገብ ሥር ማሳለፍ ቀላል መለኪያ ነው፦ እጁ ያለ ምንም ንክኪ ወለል ብሎ ካለፈ ፍራሹ ለተኚው በጣም ጠንካራ ነው፤ በግድ ካለፈና ዳሌው ከሰመጠ በጣም ለስላሳ ነው፤ እየነካካ ካለፈ ተስማሚ ነው።

ትከሻና ዳሌ የሚደነዝዝ ከሆነ

ይህ በጎናቸው የሚተኙ ሰዎች ችግር ነው። ፍራሹ ለትከሻ ስለማይሰጥ ክብደቱ ሁሉ በትንሽ ቦታ ላይ ያርፋል፣ እጅም ደንዝዞ ያነቃል። ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ለስላሳ ድርብ ከላይ ማንጠፍ ብዙውን ጊዜ በቂ ነው፤ አዲስ ፍራሽ መግዛት አያስፈልግም። አንገት ብቻ ከታመመ ግን ትራሱ ይመርመር።

አዲሱ ፍራሽ ቶሎ ከጎደጎደ

ገዢ ብዙውን ጊዜ የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ስፖንጅ በእጅ ሲጫን የሚሰማው ጥንካሬው ሲሆን፣ ዕድሜውን የሚወስነው ግን እፍጋቱ፣ ማለትም በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ያለው ክብደት ነው፤ ሁለቱም አንድ ነገር አይደሉም። እፍጋቱ ዝቅተኛ የሆነ ስፖንጅ በመደብር ውስጥ ድንጋይ መስሎ፣ ጥቂት ወራት ሲተኙበት ሊሟሽሽ ይችላል። ለአዋቂ የዕለት መኝታ ከ28 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ ያላነሰ ስፖንጅ መፈለግ ይመረጣል፤ ከ20 በታች የሆነው አልፎ አልፎ ለሚመጣ እንግዳ ይበቃል።

ሻጩ ቁጥሩን ካልነገረ ሚዛን ይናገራል። ርዝመቱ 190፣ ስፋቱ 120፣ ውፍረቱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፍራሽ ይዘቱ 0.456 ሜትር ኩብ ነው፤ ስፖንጁ 28 ከሆነ 13 ኪሎ ግራም ገደማ፣ 18 ከሆነ ደግሞ 8 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። የጨርቁ ክብደት ትንሽ ቢጨምርበትም ልዩነቱ አይደበቅም። «ሜዲካል» ወይም «ኦርቶፔዲክ» የሚለው ጽሑፍ ግን ወጥ መለኪያ የሌለው የሽያጭ ስም ስለሆነ፣ ብቻውን ለዋጋ ጭማሪ ምክንያት ሊሆን አይገባም።

ሌሊት የሚያልብ ከሆነ

በመጀመሪያ ፍራሹ የመጣበት ላስቲክ መውለቁን ማረጋገጥ ነው፤ እንዳይቆሽሽ ተብሎ የሚተው ላስቲክ ላብን መልሶ በተኚው ላይ ያደርገዋል። ላስቲኩ ከሌለ ተጠርጣሪው ሜሞሪ ፎም ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካው የጠፈር ምርምር ተቋም በናሳ ሥር ለአውሮፕላን መቀመጫ የተፈለሰፈው ይህ ስፖንጅ በገላ ሙቀት እየለሰለሰ ሰውነትን አቅፎ ስለሚይዝ አየር በደንብ አያዘዋውርም። ሙቀት የሚያስቸግረው ሰው ስፕሪንግ ወይም ላቴክስ (ከጎማ የሚሠራ ፍራሽ) ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ፍራሹን መለወጥ የማይችል ደግሞ የጥጥ ልባስ ይጠቀም።

አንዱ ሲገላበጥ ሌላው የሚነቃ ከሆነ

ስፕሪንጎቹ በሽቦ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው ማለት ነው። እያንዳንዱ ስፕሪንግ በየራሱ የጨርቅ ኪስ የገባበት ፍራሽ፣ ወይም ስፖንጅ፣ ንዝረቱን እዚያው ያስቀረዋል።

ማታ የሚያስነጥስ ወይም ፍራሹ የሚሸት ከሆነ

አዲስ ስፖንጅ የሚያመጣው ሽታ አየር በሚገባበት ክፍል ለጥቂት ቀናት ገልጦ በማቆየት ይጠፋል። በአሮጌ ፍራሽ ላይ የሚሰማ የሻጋታ ሽታ ግን የእርጥበት ምልክት ነው፤ በተለይ በቀጥታ ወለል ላይ የሚነጠፍ ፍራሽ ከሥሩ አየር ስለማያገኝ ቶሎ ይሻግታል። ማስነጠስና የዓይን ማሳከክ ሲሆን፣ ከሰው ቆዳ ቅርፊት የሚመገቡትና እርጥበት የሚወዱት በዓይን የማይታዩ የአቧራ ተባዮች ይጠረጠራሉ። አንሶላና ልባሱን በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ውሃ ማጠብ ይገድላቸዋል፤ ጠዋት ተነስቶ ወዲያው አልጋ ከማንጠፍ ይልቅ ብርድ ልብሱን ገልጦ ማናፈስም እርጥበቱን ይቀንሳል። ሻጋታው ወደ ስፖንጁ ከዘለቀ ማጠብም ሆነ ፀሐይ ማስመታት አያድነውም።

በመደብር ተመችቶ ቤት ሲገባ ካልተመቸ

ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ወይም ለአንድ ደቂቃ ጋደም ብሎ የተመረጠ ፍራሽ ይህን ማምጣቱ አያስገርምም። ሲገዙ በለመዱት አተኛኘት 15 ደቂቃ ያህል መተኛት፣ ሁለት ሰዎች የሚተኙበት ከሆነም ሁለቱም አብረው መሞከር አለባቸው። አዲስ ፍራሽ እስኪለመድ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች መፍረድ አይገባም፤ የመመለሻው ጊዜ ከዚህ ያጠረ መሆን አለመሆኑን ግን ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ጠይቆ በጽሑፍ መያዝ፣ የፋብሪካውን ምልክትና ደረሰኙንም እስከዚያው ማቆየት ያስፈልጋል።