ክረምቱ ሲከፋ፣ መብራት ሲጠፋ ቡና እንዳይጓደል፦ ችግርና መፍትሄ

ክረምቱ ጠንከር ሲል ጎጃም ውስጥ መጀመሪያ የሚሄደው መብራት ነው። እሱን ተከትሎ ውሃ ይቋረጣል። የአባይ በረሃ ቁልቁለት ተንዶ ወይም በሌላ ምክንያት መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ቡና ከገበያ ይጠፋል፤ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። ዘጌን የመሰሉ ጥቂት ቦታዎች የራሳቸው ቡና አላቸው። አብዛኛው ጎጃሜ ግን ቡናውን ሸምቶ ነው የሚጠጣው።

ስለዚህ የሁለት የሦስት ወር ቡና ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ቅንጦት አይደለም። እንግዳ ይመጣል፣ ለቅሶ ይኖራል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ጀበና መጣዱ አይቀርም። የሚያሳዝነው ግን ብዙ ጊዜ ለክፉ ቀን የተባለው ቡና ቀኑ ሲደርስ ሻግቶ ወይም ነቅዞ ይገኛል። ከዚህ በታች ካነሳኋቸው ችግሮች የአብዛኞቹ ሥር አንድ ነው፦ እርጥበት።

«የተፈጨ ቡና አስቀምጬ ጣዕሙ ጠፋ»

ምክንያቱ ቀላል ነው። ቡና ከተቆላ በኋላ መዓዛው በየቀኑ እየወጣ ይሄዳል። ከተፈጨ ደግሞ አየር የሚነካው ገላው ስለሚበዛ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይደክማል። ተቆልቶ ያልተፈጨው በደንብ ከተከደነ ሁለት ሦስት ሳምንት ደህና ይቆያል። ጥሬው ግን ደረቅ ከሆነና እርጥበት ካላገኘው ዓመት ያህል ጣዕሙን ይዞ ይቀመጣል። ከነጀንፈሉ የደረቀ ካገኛችሁ ደግሞ የበለጠ ይቆይላችኋል።

መፍትሄው ለክፉ ቀን ጥሬውን ማስቀመጥ ነው። ለሳምንት የሚበቃችሁን ብቻ ቁሉ፣ የዕለቱን ብቻ ውቀጡ። ሙቀጫ መብራት አይፈልግም። ስንት ኪሎ ይበቃል ለምትሉ፦ ለአንድ ጀበና 50 ግራም ጥሬ የምትቆሉ ከሆነ፣ በቀን አንዴ ለሚያፈላ ቤት 1 ኪሎ 20 ቀን ይሄዳል። ለሦስት ወር 4 ኪሎ ተኩል ማለት ነው። ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይቀንሳል፤ ከአንድ ኪሎ ጥሬ 800 ግራም ገደማ ብቻ ስታገኙ ነጋዴው የሰረቃችሁ አይምሰላችሁ።

የተፈጨው አሁን በእጃችሁ ካለ አትጣሉት። ደረቅ እስከሆነ ድረስ ጉዳት የለውም፤ የሄደው ጣዕሙ ነው። በዛ አድርጋችሁ ጨምሩና ከሌላው በፊት ጨርሱት። ጤና አዳም ጣል ቢደረግበት ይሻላል።

«ጥሬ ቡናው ሻገተ»

ይህን ረዘም አድርጌ የምጽፈው ከሁሉም በላይ ቡና የሚያበላሽ እሱ ስለሆነ ነው።

ምልክቱ ከላይ አይታይም። ማዳበሪያውን ስትከፍቱ ፍሬው ደህና ይመስላል። እጃችሁን እስከ ግርጌ ስትሰዱ ግን ይቀዘቅዛል። ከታች የምትዘግኑት ፍሬ እርስ በርሱ ተያይዞ ይወጣል፣ ጣት ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ይቀራል፣ አፍንጫ ላይ የጓዳ ሽታ ይመጣል።

አንደኛው ምክንያት ቡናው ሲገዛም በደንብ ያልደረቀ መሆኑ ነው። ጥሬ ቡና በደህና የሚቀመጠው የውስጥ እርጥበቱ ከ10 እስከ 12 በመቶ ሲሆን ነው። ሁለተኛው አቀማመጡ ነው። ማዳበሪያው መሬት ላይ ይቀመጣል፣ የጭቃ ግድግዳ ይደገፋል፣ ወይም ቀን የሞቀው ቆርቆሮ ሌሊት ሲቀዘቅዝ የሚያወርደው ጠብታ ያገኘዋል። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም። በጥር የተገዛ ደረቅ ቡና በተራ ማዳበሪያ ከቆየ በሐምሌና በነሐሴ አየሩ ራሱ ያረጥበዋል። ማዳበሪያ አየር ያሳልፋል።

ከማስቀመጣችሁ በፊት ፈትኑት። ደረቅ ጠርሙስ ውሰዱና ሩቡን ያህል በጥሬ ቡና ሙሉት። ምጣድ ላይ አሞቃችሁ ያደረቃችሁትን ጨው ሁለት ማንኪያ ጨምሩበት። ከድናችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ ነቅንቁት፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል ተዉት። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ቡናው በጣም ርጥብ ነው፤ ከ15 በመቶ በላይ ማለት ነው። ካልተለጠፈም እዚያ ላይ አትቁሙ፤ 13 ወይም 14 በመቶ ሊሆን ይችላል። አንድ ፍሬ በጥርስ ንከሱ። በደንብ የደረቀ ቡና ጥርስ አይቀበልም። የጥርስ ምልክት ከያዘ ገና ነው።

ገና ከሆነ ሰፌድ ወይም ከመሬት ከፍ ያለ ሰሌን ላይ በስሱ አስጡት፣ ደጋግማችሁ አገላብጡት፣ ማታ አስገቡት። ክረምት ላይ ፀሐይ ካልተገኘ ምድጃው አጠገብ ይሁን፤ ጭሱ መንገድ ላይ ግን አይሁን፣ ጭስ ጭስ ይላል። ሲደርቅ ንጹህ፣ ሽታ የሌለውና ውስጡ ጨርሶ የደረቀ ጀሪካን ውስጥ እስከ አፉ ሙሉትና ግጥም አድርጋችሁ ክደኑት። ለበቆሎ ተብሎ የሚሸጠው፣ ውስጡ ሁለት ላስቲክ ያለው አየር የማያስገባ ከረጢትም ጥሩ ነው። ከዚያ ቆጥ ላይ ወይም ጣውላ ላይ፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ፈቀቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ርጥብ ቡና ግን አትክደኑ። የተዘጋ እቃ ደረቁን በደረቅነቱ ያቆየዋል፤ ርጥቡን ግን ያልበዋል፣ በሳምንት ውስጥ ያሻግተዋል።

የሻገተውስ? ይጣል። «እሳት ያጠራዋል» ብሎ መቁላት ልማድ ሆኗል፤ ልክ አይደለም። ሻጋታ ኦክራቶክሲን የሚባል ኩላሊት የሚጎዳ መርዝ ይፈጥራል። መቁላት ይቀንሰዋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። በዚህ ውድ ዘመን ቡና መጣል እንደሚያም አውቃለሁ። ቢሆንም ይጣል።

«ፍሬው ተቦረቦረ፣ ከስሩ ዱቄት ወረደ»

ነቀዝ ነው። ቡናውን አስጡት፣ አበጥሩት፣ የተበሳውን ለዩት። ከዚያ አየር የማያስገባ እቃ ውስጥ አድርጋችሁ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሳምንት አትክፈቱት። ውስጥ የቀረው ነቀዝ አየሩን ይጨርስና ይሞታል።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። እህል ላይ የሚጣለውን የነቀዝ ኪኒን ቡና ላይ አትጣሉ። ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። ይህ ጋዝ ሰውም ይገድላል። ቡና የሚቀመጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ ልጆች በሚተኙበት ክፍል ነው።

«ቡናው ጋዝ ጋዝ ወይም በርበሬ በርበሬ ይላል»

ቡና አጠገቡ ያለውን ሽታ ይስባል። ከነጭ ጋዝ፣ ከሳሙናና ከበርበሬ አርቁት። ሽታው ከሙቀጫው የመጣ ከሆነ ደረቅ ገብስ ወቅጣችሁ ድፉት፣ ደግማችሁ ወቅጡ። የቡና ሙቀጫ ለብቻው ቢሆን ከዚህ ሁሉ ትገላገላላችሁ። የጀሪካን ሽታ ግን አይለቅም፤ ዘይት ወይም ናፍጣ የነበረበትን ለቡና አታስቡት።

«የተቆላውን ብከድነው ላስቲኩ ተነፋ»

አልተበላሸም። አዲስ የተቆላ ቡና ጋዝ ያወጣል። ሰፌድ ላይ በደንብ ይቀዝቅዝ፤ ለአንድ ቀን ክዳኑን ላላ አድርጉለት፣ ከዚያ አጥብቁት። በትኩሱ ከተከደነ ደግሞ ያልበዋል።

«በእንጨት ስቆላው ከላይ አረረ፣ ውስጡ ጥሬ ነው»

ነበልባል ላይ ስለቆላችሁት ነው። እንጨቱ ነዶ ፍም እስኪሆን ጠብቁ። ስስ ቆርቆሮ ላይ ሳይሆን ወፍራም ብረት ምጣድ ላይ ይሁን፤ ፍሬው ተደራርቦ እንዳይቀመጥ ትንሽ ትንሽ ቁሉ፣ እጃችሁም ከማማሰል አይረፍ። አጥባችሁ ከሆነ ውሃው ጠፈፍ ይበል። መንጣጣት ከጀመረ በኋላ ነገሩ ፈጣን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ዓይናችሁን አታንሱ።

«ከሰሉ አልይዝ አለ»

አዊ ውስጥ፣ በተለይ ፋግታ ለኮማ፣ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ ሲያከስል ስለኖረ ከሰል ብርቅ አይደለም። ክረምት ላይ ግን ከሰሉም እርጥበት ይጠጣል። ማታ ምድጃ ዳር አስጠጉት፣ ማዳበሪያውን ከመሬት አንሱት። ለማቀጣጠያ ደረቅ ጭራሮና የበቆሎ ቆረቆንዳ ከበጋ ጀምሮ አስቀምጡ። በፌስታል አታቀጣጥሉ። ጭሱ መርዝ ነው፣ ሽታውም እስከ ስኒው ይከተላል።

ማገዶ ካነሰ በቀን አንዴ ብቻ አፍሉና በፔርሙስ አስቀምጡ። መጀመሪያ ግን ይጥለል። አተላው አብሮት ከቆየ ይመራል።

«ቡና እየፈላ ራሴን አዞረኝ»

ይህን ቡና ማጣት ነው ብላችሁ አትለፉት። ዝናብ ሲሆን ምድጃው ወደ ቤት ይገባል፣ በሩ ይዘጋል። ትንሽ ቆይቶ አንዷ ግንባሯን ትይዛለች። «እታለም፣ ምን ሆንሽ?» ስትባል «እንጃ፣ አጥወለወለኝ» ትላለች። ወዲያው ሌላዋም እንዲሁ ይላታል። ከአንድ ሰው በላይ አብሮ ካመመው ከሰሉን ጠርጥሩ።

የከሰል ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ ጭስ የለውም፣ አይታይም። ወዲያው በሩን ክፈቱ፣ ሰዎቹን ወደ ውጭ አውጡ፣ ምድጃውንም አውጡ። ንጹህ አየር ሲያገኙ ቀለል ካላቸው ምክንያቱ ተረጋገጠ። ራሱን የሳተ ወይም የሚያስመልሰው ሰው ካለ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ከሰል የሚቀጣጠለው ደጅ ወይም በረንዳ ላይ ነው። ቤት ከገባም በርና መስኮት ይከፈት። ፍም ያለበት ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይተኛም፤ በብርዱ ምክንያት «ቤቱን ያሙቀው» እየተባለ በየዓመቱ ሰው ያልቃል።

«የቧንቧ ውሃ የለም፣ ያለው ድፍርስ ነው»

ድፍርሱን በባልዲ አሳድሩትና የጠለለውን ቀስ ብላችሁ ቅዱ፣ ከዚያ በንጹህ ነጠላ አጥልሉት። የጣራ ውሃ የምትይዙ ከሆነ የመጀመሪያው ዝናብ ቆርቆሮውን ይጠበው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ያዙ።

ከፍታው ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል። ደብረ ማርቆስ 92 ዲግሪ፣ ባሕር ዳር 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ ውሃ ንጹህ እንዲሆን ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ይንተክተክ። ጀበና ከዚያ በላይ ስለሚቆይ ቡናው ራሱ አያሰጋም። የሚያሰጋው ስኒው ነው። ቡናው ፈልቶ ስኒው በጥሬ የወንዝ ውሃ ከተለቀለቀ ምን ዋጋ አለው? መለቅለቂያውም የፈላ ይሁን። ክሎሪን የጨመራችሁበት ውሃ ሽታው ካስቸገረ ጊዜውን ከጨረሰ በኋላ ሳይከደን ቆየት ይበል፤ ሲፈላም ይለቃል።

«ቡናው ውሃ ውሃ ይላል» ወይም «አተላው አይጠልም»

ውሃ ውሃ የሚለው ብዙ ጊዜ አወቃቀጡ ሸካራ ሲሆን ወይም አቆላሉ ሳሳ ሲል ነው። ደቀቅ አድርጉት፣ ትንሽም ቆየት ብሎ ይፍላ። አተላው ካስቸገረ ጀበናውን ማቶቱ ላይ ዘንበል አድርጋችሁ አራት አምስት ደቂቃ አትንኩት። ስትቀዱ ደግሞ ከስኒ ስኒ ጀበናውን ቀና ዘንበል አታድርጉ፤ ስኒዎቹን ደርድራችሁ በአንድ ዘንበል ጨርሱ። አፉ ላይ ንጹህ ውታፍ ይኑር።

«ጀበናው ተሰነጠቀ»

ባዶውን ግሎ ቀዝቃዛ ውሃ ገብቶበት ወይም ከእሳት ወርዶ ርጥብ መሬት ነክቶ ነው። አዲስ ጀበና ሳይሟሽ እሳት ላይ አይውጣ። ለክፉ ቀን ግን አንድ የብረት ማንቆርቆሪያ በመጠባበቂያ ይኑራችሁ።

«ቡናው አለቀ፣ ራሴን ሊፈልጠኝ ነው»

ካፌይን የለመደ ሰው ሲያቋርጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራስ ምታት ይጀምረዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ይጠናል፣ ከዚያ ይቀንሳል፤ እስከ ዘጠኝ ቀን የሚቆይበትም አለ። መፍትሄው ሳያልቅ በፊት ነው። ጀሪካኑ ሩብ ሲደርስ በረካውን ተዉት፣ ከቀናት በኋላ ቶናውን፣ ከዚያ አቦሉን ብቻ ያዙ። ቡናውን ለማስረዘም ጠቆር ያለ የተቆላ ገብስ መቀላቀል ይቻላል። ገብስ ካፌይን ስለሌለው ራስ ምታቱን አያቆምም፤ ግን ትኩስ ነገር ነው፣ ያጽናናል። ውሃም በደንብ ጠጡ።

ራስ ምታቱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለው ግን ከቡና ጋር አታገናኙት። ክረምቱ ሲወጣ፣ በተለይ ጣና ዳርና ቆላው ላይ፣ ወባ አለ። በዚያው ቀን ተመርመሩ።