ብዙ ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ቃል ሲያስቸግር

አንድ የእንግሊዝኛ ቃል በመዝገበ ቃላት ውስጥ አምስት ስድስት ትርጉም ይዞ ሲገኝ፣ ሁሉንም ለመሸምደድ ከመነሳት በፊት ብዙ ጊዜ ከፍቺው መጨረሻ ላይ የሚሰፍረውን የቃሉን አመጣጥ ማንበብ ድካሙን በእጅጉ ያቀልላል። «ስፕሪንግ» የሚለው ቃል የውሃ ምንጭ፣ የፍራሽ ሞላ፣ መዝለል፣ እንዲሁም ቅዝቃዜው አልፎ ዕፅዋት የሚያቆጠቁጡበት የአውሮፓ ወቅት ማለት ነው። አራቱም የመጡት መፈናጠርን ከሚያመለክት አንድ ጥንታዊ የእንግሊዝኛ ግስ ስለሆነ፣ ውሃው ከመሬት ሲፈልቅ፣ ሞላው ተጭኖ ሲለቀቅና ቡቃያው ብቅ ሲል ያለውን የጋራ እንቅስቃሴ የጨበጠ ሰው አንዱን ይዞ ሌሎቹን ያገኛቸዋል። (ወቅቱ በዚህ ስም የተጠራው ቆይቶ ነው፤ የቀድሞ ስሙ «ሌንት» ዛሬ የዐቢይ ጾም መጠሪያ ሆኗል።)

«ማች» ግን ከዚህ ይለያል። አቻ ወይም ግጥሚያ የሚለው ትርጉሙ ከጥንታዊ እንግሊዝኛ ሲመጣ፣ ክብሪት የሚለው ደግሞ የመብራት ክር ከሚል የጥንት ፈረንሳይኛ ቃል የተወሰደ ነው፤ ስለዚህ ዝምድና ሳይፈልጉ እንደ ሁለት ቃላት መያዝ ይሻላል።

ብዙ መዝገበ ቃላት እንዲህ ያሉትን ከቃሉ ጎን በምትጻፍ ትንሽ ቁጥር ለይተው ያስቀምጣሉ። ሆኖም ቁጥሯን ስምና ግስን ለመለየት ብቻ የሚጠቀሙም ስላሉ፣ ማረጋገጫው ራሱ የአመጣጡ ማስታወሻ ነው። ደግሞም ዘዴው ለማስታወስ እንጂ ለመተርጎም አይሆንም፤ ዛሬ «ጥሩ» የሚባልበት «ናይስ» መነሻው አላዋቂ የሚል የላቲን ቃል ነውና፣ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ትርጉሙን የሚወስነው ዐውዱ ነው።